ፎቶ ላይ የቀረው ሊስትሮ

ካሜራ ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ። ማታ ማታ ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ አነባለሁ፤ በነጋታው ያነበብኩትን እሞክራለሁ።

ሹተር ስፒድን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ያስተማረኝ ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዳጌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ መስኮት ላይ ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና አነሳ። ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት ነበር። ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስል እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይያዝ አለፈ። ታች ጥግ ላይ አንድ ሰው ቆሟል፤ አንድ እግሩን አንስቶ ጫማውን ያስጠርጋል። ከፊቱ ያለው ሊስትሮ ደብዘዝ ያለ ጥላ ነው። ፎቶ ላይ ከታዩ ሰዎች እስካሁን ቀዳሚ ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። ስማቸውን ግን የሚያውቅ የለም።

እኔም ሞከርኩት። ካሜራዬን ትራይፖድ ላይ አስሬ፣ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ገጥሜ፣ ሹተሩን ለ30 ሰከንድ ከፈትኩት። የሚራመደው ሁሉ ጠፋ። ቆማ ስልክ የምታወራ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። ስክሪኑን ሳየው ሆዴ ባባ። የሊስትሮው ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ቆሞ የሚያስጠርገው ጥርት ብሎ ወጣ፣ የሚሠራው ደበዘዘ።

የከለር ፊልም ታሪክ ላይ ስደርስ ደግሞ ተናደድኩ። ፎቶ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ቀለም ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእሷ መልክ ካማረ በቃ፣ ሥራው አልቋል። ጥቁርና ነጭ ሰው አብረው ሲነሱ የጥቁሩ ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። እንደሚነገረው ፊልሙ በኋላ የተሻሻለው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «የዕቃችን ቀለም በትክክል አልወጣም» ብለው ስላማረሩ ነው። ስንት እናት ልጇ ፎቶ ላይ ጨልሞባት ዝም ብላ ይሆን?

ባለፈው እሑድ እናቴን ነጭ ግድግዳ አስደግፌ አነሳኋት። ፊቷ ጨለመ። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል፤ ግድግዳው ሲያበራበት ብርሃኑን ቀነሰ፣ ዕዳው እናቴ ላይ አረፈ። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ በካሜራው መለኪያ አንድ ተኩል ያህል ጨመርኩና ደግሜ አነሳሁ። ግድግዳው ነጭ ብሎ ጠፋ፤ ይጥፋ! የዓይኗ ዳር መስመሮች፣ የግንባሯ ወዝ፣ ሁሉም ወጣ።

ካሜራውን ተቀብላኝ አጉልታ አየችው። ጣቷን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ውይ፣ ጠባሳዬም አለ» አለች።