ከራስጌ እስከ ግርጌ፦ በደቡብ ወሎ ቃሉ ወረዳ፣ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ በእግር

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወስደውን አስፋልት ሐርቡ ላይ ትተን ወደ ተራራው ስንታጠፍ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። ጥር ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። አብረውን የሚወጡት አርሶ አደሮች ናቸው፤ ሦስቱ ሴቶች። ሐሳቡ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ለማቀድ የተፋሰሱን፣ ማለትም ውሃው ሁሉ ወደ አንድ መውጫ የሚወርድበትን መሬት፣ ጫፍ ወጥቶ ውሃ በሚወርድበት መንገድ መውረድ ነው። ከታች የጀመረ ዕቅድ ቦረቦሩን ያያል፤ ቦረቦሩን የሚቆፍረው ጎርፍ ከየት እንደሚነሳ ግን አያይም።

የያኔው የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ አንድ ማኅበረሰብ የሚያለማውን ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ያደርገዋል። ጫፉ ላይ ቆመው ሲያዩት የቁጥሩ ምክንያት ይገባል፤ ሰው ሁሉ የማን ማሳ የት እንዳለ በጣቱ ማሳየት የሚችልበት ስፋት ነው።

እዚያው ግራር ጥላ ሥር፣ አቧራ ላይ 12 ወር ተሰመረ። ለየወሩ ዝናብ እስከ 10 ፍሬ ማሽላ ይቀመጣል፤ አንድ መስመር ለድሮው፣ አንድ መስመር ለአሁኑ። በላይኛው መስመር ሚያዝያ ላይ የነበረው ክምር በታችኛው የለም። በበልግ እርጥበት ሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳር የሚታጨደው ረጅሙ ማሽላ ቦታውን እየለቀቀ፣ ሰኔ መጨረሻ የሚዘራው አጭሩ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ መጥተዋል።

ዘር የሚያድል ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ፍሬውን ይቆጥራል፣ አገዳውን አይቆጥርም። አገዳ የከብት መኖ፣ ማገዶና የጎጆ መሥሪያ ነው፤ አጭር ማሽላ የዘራ ቤት የበጋ መኖ ከየት እንደሚያገኝ ካልታቀደ በሬውን ይሸጣል። ሌላም አለ። አጭሩ ማሽላ ቀድሞ ስለሚደርስ የአካባቢው ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። ሁለት ሰው ብቻ ከዘራው ምንም አይተርፍም፤ ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች በአንድ ሳምንት መዝራትና ጥበቃውን በወንፈል መያዝ አለባቸው። አለዚያ ማማ ላይ የሚወጣው ልጅ ነው፤ ወሩም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወር ነው።

በዚያው አቧራ ላይ የየወሩ ሥራም ተሰመረ፤ ሴቶቹ ለብቻቸው ሲሠሩት የቀን መቁጠሪያው ተለወጠ። ወንዶቹ ባዶ ባሉት የካቲት ላይ ሴቶቹ የውሃ መቅጃ ሰዓት ከመሩበት። የእርከን ዘመቻውም የሚወድቀው በዚያው ወቅት ነው። የሥራ መግቢያ ሰዓቱ ከምንጩ ወረፋ በኋላ እንዲሆን የተደረገው በዚህ ነው፤ ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ የለም።

ወደ ማሳዎቹ ስንወርድ የእርከኑን መስመር በእኩል ከፍታ ለማስመር ሲባጎው ወጣ። 10 ሜትር ሲባጎ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶች፣ መሐሉ ላይ በትክክል 5ኛው ሜትር ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ፣ ሦስት ሰው። በቂ ነው። የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ እንጨቱ ጓል ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ መቆሙ፣ ማዘንበሉ፣ ሲባጎው መርገቡ። ውሃ ልኩን ራሱን ለመፈተን እንጨቶቹ ሳይነቃነቁ ቀኙን ወደ ግራ አዙሮ መስቀል ነው፤ አረፋው ወደ ሌላው ወገን ከሸሸ መሣሪያው ይጣላል። እርከኑ አንድ ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ የመስመሩ ውሃ በሙሉ እዚያ ይሰበሰባል፣ ይበጥሰዋል፣ ከዚያ የታችኞቹን ይዞ ይወርዳል። ለዚህም ነው ከእርከኑ ጎን በሚቆፈረው ቦይ ውስጥ በየ5 ሜትሩ ያልተቆፈረ አፈር የሚተወው።

ገበሬ እርከን የሚያፈርሰው ስላልገባው ነው የሚል ወሬ ይሰማል። ሒሳቡ ሌላ ይላል። ተዳፋቱ 10 በመቶ በሆነ ማሳ፣ በእርከኖች መካከል የከፍታ ልዩነቱ 1 ሜትር ተኩል ሲሆን፣ እርከን በየ15 ሜትሩ ይመጣል። የእርከኑ ግርጌ ስፋት 1 ሜትር ከ20፣ የቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 1 ሜትር ከ80 ከእርሻ ውጭ ሆነ። ይህ 12 በመቶ ነው፤ ሩብ ሄክታር ከሆነች አንድ ጥማድ ላይ 300 ካሬ ሜትር። ለደሃ ቤት ይህ ቀላል አይደለም። መሬቱ የሚመለሰው እርከኑ ላይ ደሾ ሣር ወይም የርግብ አተር በመጀመሪያው ክረምት ሲተከል ነው፤ ያ ደግሞ የጎደለውን የአገዳ መኖ ይተካል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን ሣሩ ሥር ሳይሰድ ይበላል። ስለዚህ መተዳደሪያ ደንቡ ቁፋሮ ሳይጀመር በቅሬው (በአካባቢው ዕድር) መጽደቅ አለበት።

የጉልበቱም ነገር አለ። አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ይፈልጋል። ባሏ የሞተባት ሴት ድርሻዋን እንዴት ትወጣ የሚለው ካልተወሰነ የእሷ ማሳ ክፍት ይቀራል፤ ጎርፉም በእሷ በኩል ገብቶ የጎረቤቶቿን ይጠርጋል።

ግርጌው ላይ ቦረቦሩ ውስጥ አንድ የድንጋይ ክትር፣ የጎርፉን ፍጥነት የሚሰብር ትንሽ ግድብ፣ ቆሟል። ውሃው በጎኑ ዞሮ የቦረቦሩን ግድግዳ በልቶታል፤ አናቱ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነውና። መሐሉ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት፣ ጫፎቹ በሁለቱም ወገን 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ መግባት፣ ውሃው የሚያርፍበትም ድንጋይ መነጠፍ ነበረበት። ቀጣዩ ክትር አናቱ ከዚህኛው እግር እኩል እንዲሆን ይሠራል፤ 1 ሜትር ቁመት፣ 10 በመቶ ተዳፋት፣ በየ10 ሜትሩ። ሰዎቹ ድንጋዩን ከመንካታቸው በፊት ከሐምሌው የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ማግሥት ክትሩን ዞሮ የሚያይ ሰው መረጡ፤ በዚያ ክረምት ከብቱን የሚያግደው ጎረቤቱ ነው።