የተደፈነ ጆሮ

ግራ ጆሮዬ ከማክሰኞ ጀምሮ ተደፍኗል። ጉንፋን ነው። ሐምሌን ደሴ ላይ ያለ ጉንፋን ያሳለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ። ዛሬ ጠዋት ጦሳ ተራራ የለም፤ ጭጋጉ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። ሻሼን እስከ ጆሮዬ ሸፍኜ፣ ዶልፊን ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ እንደ ወትሮዬ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሐረጎ ላይ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ጥምዝምዝ መንገድ፣ ጆሮ መደፈኑ ለኛ ብርቅ አይደለም። ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ጧ ይልና ይከፈታል። የዛሬው ግን እምቢ አለ። ምራቄ አለቀ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቦርሳቸው ማስቲካ አውጥተው ሰጡኝ። «አኝኪው ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ባንድ ጆሮዬ ነው የሰማኋቸው።

እዚያው ጥምዝምዙ መሀል ስልኬ ጮኸ። ያቺ የአክስቴ ልጅ ናት፣ የአዲስ አበባዋ። ዛንዚባር ሄዳለች። (በምን ብር እንዳትሉኝ፣ እኔም አላውቅም።) ቪዲዮ ልካለች። ሰማያዊ ውሃ፣ ጥቁር የጎማ ልብስ፣ ጀርባዋ ላይ ሲሊንደር፣ ካፏ የሚንፎለፎል አረፋ። ከበታቿ አንዲት ኤሊ ምንም ሳይገዳት እየቀዘፈች ታልፋለች። ከሥሩ «መጀመሪያ ጆሮዬን ገደለኝ፣ ከዚያ ገነት» ብላ ጽፋለች።

የኔንም ጆሮ ገድሎታል። ያደረሰኝ ግን ኮምቦልቻ መናኸሪያ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሥራ የለም። ቁጭ ብዬ የሄደችበትን ቦታ ማንበብ ጀመርኩ። ምኔምባ ይባላል። ከዛንዚባር ትልቋ ደሴት ከኡንጉጃ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለች፣ ዙሪያዋን ኮራል ሪፍ የሚሉት የባሕር ውስጥ ቋጥኝ የከበባት ሚጢጢ ደሴት ናት። ጠላቂዎቹ ሪፉን እንደ ሰፈር ከፋፍለው ስም አውጥተውለታል። ዋታቦሚ የሚባለው ለጀማሪ ይመቻል። ኪችዋኒ ደግሞ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ቃሉ በስዋሂሊ «ጭንቅላት ላይ» ማለት ነው። ዶልፊኖችም አሉበት። እኛ ጋ ዶልፊን ሐረጎን ይወጣል፣ ያውም ትርፍ ጭኖ።

ከሁሉም የያዘኝ የጆሮው ነገር ነው። ጠላቂ ገና መውረድ ሲጀምር አፍንጫውን ይዞ ቀስ አድርጎ ይነፋል። እስኪያመው አይጠብቅም። ጉንፋን የያዘው ሰው ጭራሽ አይጠልቅም። ውሃ ከባድ ነዋ! አሥር ሜትር በወረዱ ቁጥር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ከሰማይ እስከ ምድር ያለውን አየር የሚሸከመውን ያህል ሌላ ሸክም ይጨመራል። እኔም ካልኩሌተር አወጣሁና የሐረጎን መታሁት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ያ ሁሉ ጥምዝምዝ፣ ያ ሁሉ ፍሬን የሚጨምረው የአየር ሸክም በውሃ ሲለካ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። የጓሯችን በርሜል ይበልጠዋል።

ቀጠልኩ። ከደሴ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ባሕሩ ጠርዝ ድረስ ያለው ቁልቁለት በሙሉ ቢደመር ሦስት ሜትር ውሃ አይሆንም።

አሰብ ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ።

አባዬ የአሰብ ሾፌር ነበር። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያች ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ስንት ዓመት ተመላልሷል። ቤታችን ቡፌው ላይ፣ ከዳንቴሉ በላይ፣ ያመጣው ነጭ የባሕር ድንጋይ አለ። እማዬ በየበዓሉ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጥበዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ጣቴን አስሄድበታለሁ። ይቆረቁራል። ጠጋ ብለው ሲያዩት መላ አካሉ ቀዳዳ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ እንደ ኮከብ የተከፋፈለ ስስ ግድግዳ አለ። ብሩሹ የማይደርስበት የዓመታት አቧራ እዚያ ተቀምጧል።

ድንጋይ አይደለም ለካ። እያንዳንዷ ቀዳዳ የአንዲት ትንሽ እንስሳ ቤት ነበረች። ኮራል እንስሳ ነው። ቀለሙን የሚያገኘው ገላው ውስጥ ከሚኖር አልጌ ነው፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ለቤቱ ባለቤት ያካፍላል። ውሃው ከልኩ በላይ ለሳምንታት ሲሞቅ አልጌው ይወጣል፣ ኮራሉም ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደለት በረሃብ ይሞታል። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ኮራል በተፈጥሮው ነጭ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቡፌያችን ላይ ዳንቴል አንጥፈን ያስቀመጥነው አፅም ነው።

ይህን ሳነብ አንድ ቁጥር ላይ ደረስኩ። በ1998 እንደ ፈረንጆቹ የሕንድ ውቅያኖስ ኮራል በብዛት ነጥቷል፣ የዛንዚባሩም ጭምር። በኛ 1990 ማለት ነው። አባዬ መሪውን አዙሮ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰበት ዓመት። ግንቦት ላይ ጦርነቱ ተነሳ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም፣ አውቃለሁ። ግን ባዶ ቢሮ ውስጥ፣ ባንድ ጆሮ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ዝም ብሎ ይከብዳል።

ማታ ቡና ላይ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ አሰብ ባሕሩ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ገብቻለሁ እንጂ! እስከ ጉልበቴ። ሱሪዬን ሰብስቤ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጭነቱ አለቀ። ወጣሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት። እስከ ጉልበት! ድንጋዩን ከባሕር ዳር ልጆች ነው የገዛው። እንስሳ መሆኑን ስነግረው ተነስቶ አነሳው፣ ገለበጠው፣ አሸተተው። «እንስሳ ቢሆንማ እናትሽ አንድ ቀን አታሳድረውም ነበር» ብሎ መለሰው።

ቢጠልቅም ኖሮ ያው ጣጣ ነበረው። ውሃ ሥር የሚተነፍሱት ኦክስጅን ብቻ አይደለም፤ ታምቆ የተሞላ ተራ አየር ነው። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን በግፊቱ ብዛት ደም ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ወደ ላይ ከወጡ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ይፈላል። ለዚህ ነው ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር የሚመከረው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደግሞ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ነው። ደሴ ከዚያም ትበልጣለች! እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ አውሮፕላን ውስጥ ነን ማለት ነው፣ ያለ አስተናጋጅ። የደሴ ሰው ባሕር ጠልቆ በቀጥታ ቤቱ አይገባም።

ሁሉም ሲተኛ ሳፋ ውስጥ ውሃ ቀዳሁ። አትሳቁብኝ። ፊቴን ነከርኩ፣ ዓይኔን ገለጥኩ። የሳፋው መቀመጫ ሰማያዊ ነው፣ ያ ብቻ ይመሳሰላል። እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ከዚያ ውሃው ባፍንጫዬ ገባ፣ እያሳልኩ ወጣሁ። እማዬ ከመኝታ ቤት፦

«ምን ሆንሽ?»

«ፊቴን እየታጠብኩ ነው።»

«ውሃውን አትድፊው። ለሽንት ቤት ይሆናል።»

ጆሮዬ አሁንም አልተከፈተም። የአክስቴ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ መልስ እየጠበቀች ነው። ምን ልበላት? «ኤሊዋ ታምራለች»?