አልፈታ ያለ የፍሬን ማስተንፈሻ ብሎን እንዴት እንዳወጣሁ

ሥራው የአንድ ፒክአፕ የፍሬን ዘይት መቀየር ነበር። ከአራቱ የማስተንፈሻ ብሎኖች (በየጎማው ያሉ፣ አሮጌው ዘይትና አየር የሚወጣባቸው ትንንሽ ብሎኖች) ሁለቱ በትዕግሥት ተፈቱ፣ የአንዱ ጭንቅላት ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ አንዱ ደግሞ ከሥሩ ተቆረጠ። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪኖች ይህ ብሎን የላቸውም፤ እዚህ የማወራው በዘይት ስለሚሠራ ፍሬን ብቻ ነው።

ቁልፍ ከማንሳት በፊት ብሎኑን ማወቅ ይገባል። መሐሉ ክፍት ነው፤ ጫፉ ሾጣጣ ሆኖ ከሾጣጣው ትንሽ ከፍ ብሎ በጎኑ ተበስቷል። ዘይቱን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ሾጣጣው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ከውጭ ለሚመጣ ውሃና ጭቃ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ትንሿ የጎማ ቆብ ከጠፋች ደግሞ ውሃው በመሐል ቀዳዳው ይገባና ብሎኑ ከውስጥም ከውጭም ይዝጋል። መሐሉ ክፍት ስለሆነ ግድግዳው ስስ ነው፤ ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ ሲጎትቱት ጥርሱ ሳይላቀቅ አንገቱ ይጠመዘዛል። ብዙዎች የሚሰብሩት በዚሁ ነው። ጉልበት ሲጨምሩ የሚሸነፈው ዝገቱ ሳይሆን ብሎኑ ነው።

መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ዙሪያውን አጸዳሁ፣ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠረግሁ፣ ከዚያ ዝገት ፈቺ ዘይት ጥርሱ በሚጀምርበት መስመር ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አደረግሁ። ይህን ከሥራው አንድ ቀን አስቀድሞ ጠዋትና ማታ መድገም ያዋጣል። ብሎኑ ገና ዝግ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ አይገባም፤ ሲከፈት ግን መጀመሪያ የሚወጣውን የፍሬን ዘይት በደንብ አፍስሱ፤ ከነዳጅ የተሠራ ዘይት የፍሬን ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ያሳብጣልና።

ሁለቱን ብሎኖች ያዳነልኝ የፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ዘዴ ነው። ከብሎኑ ቀዳዳ ጋር ልክ የሚገጥም፣ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ፑንታ እመርጣለሁ፤ ለስላሳ ጭራውን ወደ ውስጥ አስገብቼ ጥቂት ሚሊ ብቻ እንዲተርፍ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ በትንሽ መዶሻ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጌ እመታዋለሁ። የመሐል ቀዳዳው ታች ድፍን ስለሆነ ምቱ በቀጥታ ወደ ሾጣጣው ይደርስና ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። ፑንታው እዚያው እንዳለ ብሎኑን ሳዞር ደግሞ ስሱ ግድግዳ ወደ ውስጥ እንዳይጨማደድ ይይዘዋል። የምጠቀመው ባለ ስድስት ጎን ረጅም ቡሶላ (ጭንቅላቱን ዙሪያውን የሚውጥ ቁልፍ) ነው፤ ባለ አሥራ ሁለት ጎኑም ሆነ ክፍት አፍ ቁልፉ ጠርዙን ይበላሉ። እጀታው አጭር ይሁን።

መጀመሪያ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ መፍታት። የማጥበቁ መጠን ለዓይን እምብዛም አይታይም። ስሜቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል፦ ጥርሱ ሲላቀቅ ደረቅ “ጠቅ” ይላል። ቁልፉ ድምፅ ሳያሰማ እንደ ጎማ እየተለጠጠ ከተከተለ ግን እየዞረ ያለው ብሎኑ ሳይሆን አንገቱ ነው። ወዲያው አቁሙ። ሩብ ዙር ከተንቀሳቀሰ በኋላም አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እያሉ፣ ቡናማ ጭቃ መሰል ዝገት ሲወጣ ዘይት እየጨመሩ ማውጣት ነው።

ጭንቅላቱ የተበላው 10 ቁጥር ነበር። በላዩ የሦስት ስምንተኛ ኢንች ቡሶላ በመዶሻ አስገባሁበት። ይህ ቡሶላ 9.5 ሚሊ ገደማ ስለሆነ የተበላውን 10 ጥብቅ አድርጎ ይነክሳል፤ መምታቱም ለዝገቱ ይጠቅማል። በዚህም ባይወጣ ኖሮ ካሊፐሩን (ብሎኑ የሚገባበትን፣ ፒስተን ያለበትን የፍሬን አካል) ከመኪናው አውርጄ፣ ጭንቅላቱ ላይ ዳዶ አስቀምጬ ውስጡን እበይደው ነበር። የብየዳው ሙቀት ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ሙቀት ላይ ግን ጥንቃቄ አይጓደል። የፍሬን ዘይት ይቀጣጠላል፤ በተዘጋ ካሊፐር ውስጥ ሲፈላ ደግሞ ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ ካሊፐሩ ወርዶ፣ ቱቦው ተፈቶ፣ ፒስተኑና ጎሚኒው ወጥተው ብቻ ነው እሳት የማቀርበው። የሚሞቀው በብሎኑ ዙሪያ ያለው ብረት ነው እንጂ ብሎኑ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የነካው ዕቃ ላይ እሳትም ብየዳም አታቅርቡ፤ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣል።

የተሰበረው የፊት ካሊፐር ላይ ነበር፤ ጥርሱ 10 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ። የመሐል ቀዳዳው ራሱ ፑንታውን ስለሚመራ ማዕከል መፈለግ አያስቸግርም። በግራ የሚዞር ፑንታ ይዤ በግማሽ ግማሽ ሚሊ እያሰፋሁ ሄድኩ፤ አንዳንዴ እየቦረቦረ ሳለ ቅሪቱን ይዞት ይወጣል። አዲሱን ብሎን ለክቼ ሾጣጣው ከሚጀምርበት በላይ እንዲቆም ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቀለልኩ። ከ8.5 ሚሊ አላለፍኩም፤ የቀረውን ስስ ቅርፊት በሹል መርፌ እየላጥኩ አወጣሁ፣ ጥርሱን በማስኪዮ (የውስጥ ጥርስ ማውጫ መሣሪያ) አጸዳሁ፣ ብናኙን ሁሉ በአየር አስወጣሁ። በጠመዝማዛው የተሰበረ ብሎን ማውጫ ላይ እምነት የለኝም። ሾጣጣ ስለሆነ ስሱን ግድግዳ ወደ ውጭ ይወጥረውና ይበልጥ ያጣብቀዋል። እሱ ራሱ ከተሰበረ ደግሞ በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ ተራ ፑንታ አይበሳውም።

መቀመጫው ከተጫረ ማጥበቅ አያድነውም፣ ያንጠባጥባል። ያኔ ካሊፐሩን መቀየር ነው። የኋላ ታምቡር ፍሬን ላይ ያለችው፣ ጫማውን የምትገፋው ትንሽ ፖምፓም ብሎኗ ከተሰበረ መታገል ሳያስፈልግ ሙሉዋን መቀየር ይሻላል፤ ነገር ግን የቱቦዋ ዳዶም ዝጎ ይሆናል። ለእሱ የቱቦ ዳዶ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ዳዶው ከቱቦው ጋር አብሮ ከዞረ ቱቦው ይጠመዘዛል፣ አብሮ ይቀየር።

ሲገጠም አራቱንም አዲስ አደረግሁ። ጥርሱን ብቻ በስሱ ፀረ ዝገት ቅባት ቀባሁ፤ ሾጣጣውና የጎን ቀዳዳው ንጹሕ መሆን አለባቸው። የብዙ ፒክአፖች ማጥበቂያ ልክ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ለራሳችሁ መኪና መመሪያውን እዩ። ማስተንፈሱን መመሪያው ሌላ ካላዘዘ ከዋናው ፖምፓ (ፔዳሉ ከሚገፋው) በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሩ። ዋናው ፖምፓ ያረጀ ከሆነ ፔዳሉ እስከ ታች እንዳይወርድ ከሥሩ የእንጨት ታኮ አድርጉ፤ ፒስተኑ በወትሮው ወደማይደርስበት የዛገ ክፍል ከገባ ጎሚኒው ይቀደዳል።

በመጨረሻ ሞተር አስነስቶ ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ አጥብቆ መያዝና እያንዳንዱን ብሎን በደረቅ ወረቀት መንካት። ቆቧን ከከደናችሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ከፍታችሁ እዩ፤ ውስጧ እርጥብ ከሆነ ሾጣጣው አልተቀመጠም።