በጨብሲ ሰዓት

ድሬ ላይ መጠጥ በመጠጥ አይጀምርም። ከቀኑ 8 ሰዓት የአወዳይ ጫት ሲገባ ነው የሚጀምረው። በርጫ፣ ከዚያ ምርቃና፣ ከዚያ ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ። እኔ 11 ዓመት «ጠጪ አይደለሁም፣ እጨብሳለሁ እንጂ» እያልኩ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ፍሪጅ ጥገና ነው። ጠዋት ጠዋት የመዳብ ቱቦ ልበይድ እሳቱን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ረዳቴ ሳልጠራው ይመጣና ቱቦውን ይይዝልኛል። ምንም አይልም። እሱ ዝም ማለቱ ነበር የሚያሳፍረኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 ከምእመኑ ጋር በእግሬ ወጥቼ ለገብርኤል ተሳልኩ። ጥምቀት ላይ ጠጣሁ፤ 22 ቀን መሆኑ ነው። ስለት ያፈረሰ ሰው ደግሞ ዕዳው ሁለት ነው፤ በዚያ ሐፍረት የባሰ ጠጣሁ።

ሁለተኛ ጊዜ በራሴ ጉልበት በአንድ ቀን ቁርጥ አደረግኩት። በነጋታው ላብ በላብ ሆንኩ፣ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ማየት ጀመርኩ። ወንድሜ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሟ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም አንቀጥቅጦ ሊጥለው፣ ሊገድለውም እንደሚችል ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ማቆም የወኔ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልታቆም ካሰብክ፣ ልታቆሚ ካሰብሽ፣ መጀመሪያ ሐኪም።

ስለ ኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ስማቸውን የማይገልጡ ጠጪዎች ማኅበር) የነገረችኝም እሷ ናት። ጠጪዎች ተሰብስበው ስለራሳቸው የሚያወሩበት ነው አለችኝ። «ጠጪ ከጠጪ ምን ይማራል?» ብዬ ሳቅኩ። ግን በስልኬ ስፈልግ በዙም የሚደረግ አገኘሁ፤ በእኛ ምሽት 2 ሰዓት፣ ልክ በጨብሲ ሰዓት። ያ ሰዓት ለእኔ ከባዱ ነው። ሦስት ሳምንት ካሜራ አጥፍቼ፣ እንግሊዝኛውን ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየገመትኩ ተቀመጥኩ። ሁሉም ስሙን ይናገርና «አልኮሊክ ነኝ» ይላል። እኔ በአማርኛ ምን ልበል? «ሰካራም» እናቴ ስታለቅስ የጠራችኝ ስም ነው። «ሱሰኛ» የቴሌቪዥን ቃል ነው። ቃሉን ሳላገኝ አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ፤ እኔም ወደ ጨብሲ ሄድኩ።

ከዚያ ከዚራ ሠፈር አንድ ቤት ፍሪጅ ልሠራ ተጠራሁ። ባለቤቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። የፍሪጁ በር ላይ በእስክርቢቶ «ለዛሬ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያንን አባባል በዙም በየምሽቱ ስሰማው ነበር የከረምኩት። ጋዙን ሞልቼ እስክጨርስ አፌን ያዝኩ፤ ሒሳብ ሲከፍለኝ ግን «ይሄ ወረቀት የምንድነው?» አልኩት። (ድሬ አንቱታ የለም፤ የአዲስ አበባ ሰው ይቅር ይበለን።) አየኝ። እጄንም አየ። «ሼ፣ ቁጭ በል» አለኝ።

አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ሲከርም የኤኤ ስብሰባ ይገባ ነበር። ድሬ ሲመለስ ስብሰባ የለም፣ ሰውም የለም። የአጀማመሩን ታሪክ እንደ ሠፈር ወሬ ነው የሚያወራው፦ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ አክረን የሚባል ከተማ፣ አንድ የአክሲዮን ደላላ ሥራው ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ቆሟል። ባሩ ይጠራዋል። ስልክ አነሳና በየቤተ ክርስቲያኑ እየደወለ እንደሱ የሚጠጣ ሰው ፈለገ። አንድ ቀዶ ሐኪም ተገኘ። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ ብሎ ተቀምጦ ለሰዓታት አወሩ። «ለመጀመር ሁለት ሰው ይበቃል» አለኝ፤ «እኔ ሁለተኛውን ስጠብቅ ስንት ጊዜዬ!»

አሁን አምስት ነን፤ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የሽማግሌው ግቢ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር። አንዱ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንጠይቅ ብሎ ነበር፤ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ መጠጣታቸውን ቤተሰብ እንኳ አያውቅም፤ ተውነው። ክፍያ የለም፣ ለሻይ ያለው ያዋጣል። ለመግባት የሚጠየቀው ማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ስም መደበቅ የሚባለው ግን ድሬ ላይ ቀልድ ነው፤ ሁላችንም የማን ልጅ እንደሆንን እናውቃለን። ስለዚህ የምንደብቀው ወሬውን ነው። ጫቱ ላይ ግን እስካሁን እንከራከራለን። መመሪያው ስለ መጠጥ ብቻ ነው የሚያወራው፤ እኔ ደግሞ በርጫ ተቀምጬ ጨብሲን መዝለል ሞክሬ አልቻልኩም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ትቻለሁ። ጓደኞቼ አብረው ሄዱ። እሱን ገና አልለመድኩትም።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማክሰኞ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ ድሬ ውኃ ሲመጣ አይቀልድም፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከመጋላ በኩል ያሉት ሦስቱም ቀሩ። ሽማግሌው ግን አምስቱንም ወንበር አውጥቶ ደርድሯል። «ሁለታችን ነን እኮ፣ እንዲሁ እናውራ» አልኩት። እምቢ አለ። ተነስቶ ስብሰባውን ከፈተ፣ ስሙን ተናገረ፣ «ጠጪ ነኝ፤ ዛሬ አልጠጣሁም» አለ። ተራው የእኔ ሆነ። በየቀኑ ለሚያየኝ ሰው ስሜን ተናገርኩ፤ ጠጪ ነኝ አልኩ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ፣ ገና እንዳየኝ ሁሉ።