በእጄ ስሞክረው ይሠራል፣ ሌሊት ብቻውን ሲነሳ ግን ይሞታል

የምሠራበት የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ሰርቨር ላይ ሁልጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሳ ስክሪፕት አለ። መጋዘን ውስጥ ያለውን ዕቃ ቆጥሮ ዝርዝሩን ያድሳል፤ የሽያጭ ሠራተኞቹ ጠዋት ያንን እያዩ ነው ለደንበኛ "አለ" ወይም "የለም" የሚሉት። የተጻፈው በጃቫስክሪፕት ነው፣ የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስ።

የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ 22.04 ነው። መጀመሪያ ኖድን በኡቡንቱ የራሱ የፕሮግራም መጫኛ፣ በአፕት ጫንኩት፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፣ አለቀ። የትኛው ቨርዥን እንደገባ አላየሁም። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ኖድ 12 ነው፤ የኖድ 12 ድጋፍ ደግሞ ያበቃው ይኸው ኡቡንቱ በወጣበት ወር፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2022 ነው። ገና ሲጫን ያረጀ ነበር ማለት ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ላይብረሪ አዲስ ቨርዥን ሲጠይቀኝ የተለያዩ የኖድ ቨርዥኖችን የሚጭንና የሚቀያይር ኤንቪኤም የሚባል መሣሪያ ጫንኩና ኖድ 18 አስገባሁ። ተርሚናል ላይ ቨርዥኑን ስጠይቅ 18 አለኝ። ስክሪፕቱንም በዚያው አሻሻልኩት፣ በእጄ አስነሳሁት፣ ምንም እንከን አልነበረውም። ሐሙስ ማታ ነበር፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት የሽያጭ ኃላፊዋ ደወለች። "ወንድሜ፣ ዝርዝሩ ስልሳ ካርቶን ሳሙና አለ ይላል፣ መጋዘኑ ባዶ ነው። ሰውየው ከደብረ ብርሃን አይሱዙ ይዞ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ምን ልበለው?" የምመልሰው ጠፋኝ። ለካ ዝርዝሩ ከሐሙስ ወዲህ አልታደሰም።

ስክሪፕቱን በእጄ አስነሳሁት፣ ሠራ። ደገምኩት፣ አሁንም ሠራ። ሁለት ሰዓት ያህል ዳታቤዙን ስጠረጥር ቆየሁ። በመጨረሻ ስክሪፕቱን በየሌሊቱ በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ክሮን፣ የሚያወጣውን መልእክት ወደ ፋይል እንዲጽፍ አደረግኩና በየደቂቃው እንዲነሳ አዘዝኩት። ወዲያው መጣ፦ ሲንታክስ ኤረር፣ የኮድ አጻጻፍ ስህተት ማለት ነው። የተጠቆመው ቦታ ሐሙስ ያስገባኋት መስመር ናት፣ የጥያቄ ምልክትና ነጥብ አንድ ላይ ያሉባት። ይህን አጻጻፍ ኖድ የሚያውቀው ከ14 ጀምሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤንቪኤም አዲሱን ኖድ የሚያስቀምጠው በራሴ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው፤ መንገዱንም ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ለሚቀበለው ሼል የሚነግረው ተርሚናል ስከፍት በሚነበብ ባሽአርሲ በሚባል ፋይል በኩል ነው። ክሮን ግን ያንን ፋይል አያነብም። የሚያውቀው የሲስተሙን ሁለት ፎልደሮች ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ አሮጌው 12 ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እኔ በ18 እሞክራለሁ፣ ሌሊቱን የሚሠራው 12 ነው።

ክሮን ላይ የ18ን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ይቻል ነበር። ግን የኤንቪኤም አድራሻ ውስጥ የቨርዥኑ ቁጥር አለበት፣ አሮጌውን አጥፍቼ ሌላ በጫንኩ ቁጥር ያው ችግር ይመለሳል። ስለዚህ ኤንቪኤምንም አሮጌውንም ከሰርቨሩ አነሳሁና አዳዲስ የኖድ ቨርዥኖችን ለአፕት ከሚያቀርበው ከኖድሶርስ ማከማቻ አንድ ኖድ ብቻ ጫንኩ። ላፕቶፕ ላይ ኤንቪኤምን የሚያህል የለም፣ የተለያየ ፕሮጀክት ለሚሠራ ሰው ግድ ነው። ሰርቨር ላይ ግን አንድ ኖድ ይበቃል ባይ ነኝ።

ስክሪፕቱ ቨርዥኑን ራሱ እንዲፈትሽም ፈልጌ ነበር። ፍተሻውን እዚያው ፋይል አናት ላይ ብጽፈው ዋጋ የለውም፤ ኖድ አንድም መስመር ሳያስኬድ ፋይሉን ሙሉ ስለሚያነብ የማያውቀው ምልክት ላይ ሲደርስ ያቆማል። ስለዚህ በድሮ አጻጻፍ ለብቻው ትንሽ ፋይል ሠራሁ፤ መጀመሪያ እሱ ይነሳል፣ ቨርዥኑ ከተስማማው ዋናውን ይጠራል፣ ካልተስማማው ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል። ሳሙናውን በማግስቱ በድርጅቱ መኪና ደብረ ብርሃን ድረስ አደረስንለት።

የኖድ 18 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2025 ሲያበቃ ወደ 22 አሻገርኩት። በእጄ ሞከርኩት፣ ሠራ። ከዚያ ቡና አፍልቼ ሌሊት 8 ሰዓት እስኪሞላ ቁጭ አልኩ።