ቀስቱ ላይ ያልተጻፈው ቁጥር

የትዕዛዝ መከታተያ ሲስተም ስንሠራ የክላስ ዲያግራሙን፣ ማለትም ፕሮግራሙ በምን በምን ክፍሎች (ክላሶች) እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ሥዕል፣ የሳልኩት እኔ ነኝ። ትዕዛዝ፣ ደንበኛ፣ የትዕዛዝ መስመር፣ ዕቃ። እያንዳንዱ ክላስ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ በሌላው ጉዳይ አይገባም። ግምገማው ላይ ሁሉም ወደደው። እውነት ለመናገር ልቤ አብጦ ነበር።

ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት የሪፖርቱ ገጽ ተንቀራፈፈ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ጠቅ እንዳደረግኩት ብቅ ይላል። «ሰርቨሩ ነው» አልኩ። ጥፋቱን ቶሎ የሚቀበል ማን አለ?

አንዲት ነባር የሥራ ባልደረባችን ሳትከራከረኝ የዳታቤዙን ሎግ (የሥራ መዝገቡን) ከፈተች። ያው አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ)፣ መለያ ቁጥሩ ብቻ እየተቀየረ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይወርዳል። ማርከር አቀበለችኝና «የክላሱን ተወው። ገጹ ሲከፈት ማን ማንን እንደሚጠራ ሳልልኝ» አለች። ሲኩዌንስ ዲያግራም ማለቷ ነው፤ እያንዳንዱ ጥሪ በቀስት የሚሳልበት። ስጨርስ ደግሞ «አሁን እያንዳንዱ ቀስት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ጻፍበት።»

ጻፍኩ። 500 ትዕዛዞችን ለማምጣት 1 ኩዌሪ። የየትዕዛዙን ደንበኛ ለማምጣት 500። መስመሮቹን ለማምጣት ሌላ 500። አንዱ ትዕዛዝ በአማካይ 4 መስመር ስላለው ለዕቃዎቹ 2000። ድምሩ 3001። አንዱ ኩዌሪ ዳታቤዙ ጋ ደርሶ ለመመለስ 2 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ እንኳ 6 ሰከንድ መንገድ ላይ አለቀ። ላፕቶፔ ላይ የነበሩት ትዕዛዞች 10 ብቻ ናቸው። 61 ኩዌሪ፣ ዳታቤዙም እዚያው። በምን ይታየኝ?

ኮዱ ላይ እኮ ከትዕዛዝ ወደ ደንበኛ የሚያሻግረው አንዲት ነጥብ ናት (order.customer)። ከነጥቧ ጀርባ ኔትወርክ ይኑር ሜሞሪ አይታወቅም። ሌዚ ሎዲንግ (ዳታውን ሲፈለግ ብቻ የማምጣት ዘዴ) ደግሞ ውለታ የዋለልህ መስሎ ጭራሽ ይደብቀዋል።

ለሪፖርቱ ለንባብ ብቻ የሚሆን አንድ ቀለል ያለ ክላስ ጨመርን፤ በአንድ ጆይን (ሠንጠረዦቹን አጣምሮ በሚያመጣ ኩዌሪ) ይሞላል። ዋናዎቹን ክላሶች አልነካናቸውም። ትዕዛዝ ሲመዘገብና ሲሰረዝ ደንቡን የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው። እንዲህ ሲያጋጥመው ኦብጀክት ኦሪየንትድን (ፕሮግራምን በክላሶች የመሥራት ስልቱን) ራሱን የሚረግም አለ፤ እኔ ግን ክላሶቼን ምን አድርገው? ያልቆጠርኩት እኔ።

ገጹ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ መከፈት ጀመረ። ሰሌዳውን ለቀናት ማንም አላጠፋውም። አንድ ጠዋት ስገባ 2000 ከሚለው ቁጥር አጠገብ የሚስቅ ፊት ተስሎበት አገኘሁ።