ጀልባ በግቢ፦ ኮምፔርሳቶ፣ ኢፖክሲና የለገጣፎ ብርድ

ባለ ሸራ ጀልባ ግቢው ውስጥ ለመሥራት ያሰበ ቤተሰብ ከትንሿ ጀልባ ይጀምር፤ ትልቁ ባለ ሸራ ከውሃው መሃል ሲቆም ሰውና ዕቃ ከዳር ከምታመላልሰው። አሠራራቸው አንድ ነው። ትንሿ በ2.4 ሜትር ርዝመት፣ 244 በ122 ሴንቲ ከሆኑ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶዎች ትወጣለች። ብትበላሽ ኪሳራው ሁለት ኮምፔርሳቶ ነው።

ሻጩ «ይሄ ውሃ አይነካውም» ቢል አትመኑ። መዳፍ የምታክል ቁራጭ ድስት ውስጥ ቀቅሉ። እኛ ዘንድ ለገጣፎ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አንድ ሰዓት አይበቃም፤ ሁለት ሰዓት ይፍላ፣ ይድረቅ፣ ይደገም። ንብርብሩ ከተላቀቀ ለኮርኒስ ይሁን። ጠርዙ ላይ ክፍተት የሚታይበትንም ተዉት፤ ሲታጠፍ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ለጠርዝ ማጠናከሪያ ከአሮጌ ቤት ፍራሽ የወጣ ጽድ ይሻላል፤ ደርቋል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ስለሚሰነጠቅ ግን ብሎን ከመግባቱ በፊት ይበሳ። አዲስ እንጨት ከገዛችሁ አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

የጀልባዋ ጎኖችና ወለል ከኮምፔርሳቶው ከተቆረጡ በኋላ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ገባ ብሎ በየ10 ሴንቲው 2 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳል፤ በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይሰፋል። ቤተሰቡ የሚፈለገው እዚህ ነው፦ ሁለቱ ጎኖች ወደ አፍንጫው ሲሳቡ ሁለት ሰው ይይዛል፣ አንዱ ይሰፋል። ሽቦው በውጭ በኩል ይጠምዘዝ፣ ውስጡ መገጣጠሚያው ላይ ለሚገባው ሙሌት ነጻ ይሁን። ፒንሳ የያዘ ልጅ የመጀመሪያዋን ሽቦ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ይወዳል፤ ያኔ ቀዳዳው ይቀደዳል። መጀመሪያ ሁሉም ላላ ብሎ ይታሰር፣ መስመሩ ሲገጥም ይጠበቅ።

ማጣበቂያው ሳይከፈት ሜትር አውጡ። ከአፍንጫው መሃል እስከ ኋላው ግራና ቀኝ ማዕዘን ለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ከዚያ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ከፊት፣ አንድ ከኋላ ጠርዞቹ ላይ አጋድሙና ጎንበስ ብላችሁ በአንድ ዓይን እዩ። ካልተመሳሰሉ ጀልባዋ ተጠማዛለች፤ ከደረቀች በኋላ የሚያቃናት የለም።

ብዙ ሰው የሚከስረው ኢፖክሲው ላይ ነው፤ ሬዚንና ሃርድነር (ማጠንከሪያው) ተደባልቀው የሚጠነክር ማጣበቂያና ቅብ ነው። ለታንከርና ለመኪና ጥገና «ሬዚን» ተብሎ የሚሸጠው ባብዛኛው ፖሊስተር የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው፤ እንጨት በደንብ አይዝም፣ ቆይቶ ይላጣል። ኢፖክሲ በሚዛን ይደባለቅ፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ምጥጥን በክብደት ይሁን በሊትር አረጋግጡ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፖሊስተር የለመደ ባለሙያ «ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር ጨምርበት» ይላል። ኢፖክሲ ላይ ግን ትርፉ ሃርድነር የሚያያዘው ሬዚን ስለማያገኝ ቅቡ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። በአንዴ ከ300 ግራም በላይ አትደባልቁ፤ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከቆየ ራሱን አሙቆ ይጨሳል። ጓንት ግዴታ ነው፣ ልጆችም እዚህ ሥራ ላይ አይነኩም።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የመጠንከሪያው ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጠዋት መቀባት መፍትሔ ይመስላል፤ ግን እንጨቱ እየሞቀ ሲሄድ በውስጡ ያለው አየር ወጥቶ ቅቡን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል። እንጨቱ ረፋዱን ፀሐይ ይሙቅ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ጥላ ውስጥ ይቀባ፤ ማታ በሸራ ተሸፍኖ ከሥሩ አምፖል ይብራ (የድሮው ዓይነት፣ ኤልኢዲ አያሞቅም)። ከሰል አይታሰብ፤ በተዘጋ ቦታ ይገድላል። ጠዋት ቅባት መሰል ነገር ላዩ ላይ ከታየ በውሃና በስፖንጅ ይታጠብ። ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ ቀጣዩ ቅብ አይዝም። ሐምሌና ነሐሴ ሥራው ይቁም።

ለመገጣጠሚያው ሙሌት ኢፖክሲው ደቃቅ የእንጨት ብናኝ እየተጨመረበት እንደ ገንፎ እስኪወፍር ይማሰላል። በሽቦዎቹ መሃል መሃል ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ሲደርቅ ሽቦውን አውጡ (እምቢ ካለ በላይተር ይሙቅ)፣ ከዚያ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሙሌቱ ሙሉትና 8 ሴንቲ ስፋት ያለው የፋይበር ግላስ ጨርቅ አልብሱት። በመጨረሻ ቀለም የግድ ነው፤ እርቃኑን የቀረ ኢፖክሲ ፀሐይ ይጎዳዋል።

ትልቁም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ምሰሶው ላይ ግን ባህር ዛፍ ይከብዳል፤ ላይኛው ክብደት ጀልባውን ያጋድለዋል። የሸራው ስፋት ላይ ደግሞ አትሰስቱ፦ ጀልባው በሚንሳፈፍበት፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ቢሾፍቱ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በዚያው የነፋስ ፍጥነት ሸራው የሚያገኘው ግፊት ከባህር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል። ከመቀመጫዎቹ ሥር ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ጀሪካኖች እሰሩ፤ ባለ 20 ሊትሩ አንዱ ወደ 20 ኪሎ ያነሳል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከዳር ትንሽ ራቅ ሲባል ጥልቅ ናቸው።

አይሱዙ ከመጠራቱ በፊት ትንሿን አሸዋ ላይ አስቀምጡና ጥቂት ባልዲ ውሃ ውስጧ አፍስሱ። ከዚያ ደረቅ ጋዜጣ በውጭ በኩል በስፌቱ መስመር አስጠግታችሁ እለፉ፤ የረጠበበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።